የሆም ቴአተር ሪሲቨር በቅናሽ ስትገዙ፦ መጀመሪያ ዋጋው ለምን እንደወረደ እወቁ

አገር ቤት «ሪሲቨር» ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን የዲሽ ሪሲቨር ነው። እዚህ የማወራው ስለ እሱ አይደለም። ቲቪው ሥር ስለሚቀመጠው፣ ከበድ ስላለው፣ ጀርባው በቀዳዳ ስለተሞላው ዕቃ ነው። ዲሹ፣ ፕሌይስቴሽኑ፣ የፊልም ማጫወቻው ሁሉ እሱ ላይ ይሰካሉ። ምስሉን ወደ ቲቪው ያሳልፋል፤ ድምፁን አጉልቶ ለአምስት ወይም ለሰባት ስፒከር ያከፋፍላል። ብዙ ሰው «አምፕሊፋየር» ወይም ባጭሩ «አምፕ» ይለዋል።

አዲስ ሲገዛ ውድ ነው። ደግነቱ ቅናሽ የማያጣው ዕቃ ነው። እኔ የምኖረው አሜሪካ ውስጥ ሜሪላንድ ነው። ለራሴም ለዘመድ ወዳጅም በርከት ያሉ ሪሲቨሮች በቅናሽ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያውን በ120 ዶላር ከአንድ ሰው ጋራዥ ነበር ያነሣሁት። ቤት ወስጄ ሰካሁት፤ ድምፁ ግሩም ነው። አዲሱን የ4ኬ ማጫወቻ ስሰካበት ግን ቲቪው ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሪሲቨሩ አልተበላሸም ነበር። ዘመኑ አልፎበት ነበር። ሻጩም አልዋሸኝም። እኔ «ለምን ረከሰ?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው።

አንደኛ፦ ከቤታችሁ ጀምሩ

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ሳሎናችሁ ውስጥ ቁጭ በሉና ወረቀት አውጡ። ስንት ስፒከር ማስቀመጥ ትችላላችሁ? ምን ምን ዕቃ ትሰካላችሁ? ቲቪያችሁ ምን ዓይነት ነው? ይህን ሳትጽፉ ከወጣችሁ ሻጩ ያሻውን ይሸጥላችኋል።

ማስታወቂያው ላይ 5.1፣ 7.2፣ 9.4 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ሪሲቨሩ በራሱ ኃይል የሚያስጮኻቸው ስፒከሮች ብዛት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ባሱን ለሚያወጣው ሱብዉፈር የተተዉ መሰኪያዎች ናቸው። ሱብዉፈሩ የራሱ ኃይል ስላለው ከሪሲቨሩ ሲግናል ብቻ ነው የሚቀበለው። ሦስተኛ ቁጥር ካለ፣ ለምሳሌ 5.1.2 ከተባለ፣ ሁለቱ ጣራ ላይ ወይም ከፍ ብለው የሚሰቀሉ፣ ድምፅ ከላይም እንዲመጣ የሚያደርገው የዶልቢ አትሞስ ስፒከሮች ናቸው። ባለ 7.2 ሪሲቨር ከገዛችሁ ሰባቱን ቻናል (የስፒከር መስመር) አምስት መሬት ላይ፣ ሁለት ላይ አድርጋችሁ ማሰለፍ ትችላላችሁ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ባለ ሰባት ቻናሎች ይህን ይፈቅዳሉ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። በብዙዎቻችን ቤት ቲቪው ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውለው የአገር ቤት ቻናልና ዩቲዩብ ነው። መዝሙሩም፣ ድራማው፣ የድሮው ዘፈንም አብዛኛው በስቴሪዮ የተቀዳ ነው፤ ማለትም የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዘጠኝ ስፒከር ብትደረድሩ ከሁለቱ የበለጠ አዲስ ነገር አይወጣውም። ለእንዲህ ዓይነት ቤት ባለ አምስት ቻናል ሪሲቨርና ሁለት ጥሩ የፊት ስፒከሮች ከበቂ በላይ ናቸው። የተረፈውን ገንዘብ ስፒከሮቹ ላይ አውሉት። ፊልም በደንብ የምታዩ፣ ኔትፍሊክስ ላይ አትሞስ የምትከታተሉ ከሆነ ነው ወደ ሰባት የምትሄዱት።

ሁለተኛ፦ ቅናሹ ከየት መጣ?

ዋጋ ያለ ምክንያት አይወርድም። ምክንያቱን ካወቃችሁ ምን እያተረፋችሁ፣ ምን እየተዋችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አንዱ ምክንያት አዲስ ሞዴል መምጣቱ ነው። ይሄ ከሁሉ የምወደው ቅናሽ ነው። ዕቃው አዲስ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም፣ ዋስትናው ሙሉ ነው። ጥፋቱ አንድ ዓመት መቆየቱ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ሞዴልና በዘንድሮው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙ ጊዜ በጆሮ የሚሰማ አይደለም። የኅዳሩ ብላክ ፍራይዴይና ከየካቲቱ የሱፐር ቦውል ጨዋታ በፊት ያሉት ሳምንታት እንዲህ ያለውን ቅናሽ ለመጠበቅ ጥሩ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የማልዘነጋው ስሌት አለ። የቆየ ከፍተኛ ሞዴል ብዙ ጊዜ ከአዲስ መካከለኛ ሞዴል ይበልጣል። ዴኖን የሚባለውን አምራች ሁለት ሞዴሎች ውሰዱ። ኤክስ3700ኤች በ2020 የወጣ ባለ 9.2 ቻናል ነው። ኤክስ2800ኤች ከእሱ በኋላ የወጣ ባለ 7.2 ነው። አሮጌው የክፍላችሁን ድምፅ የሚያስተካክልበት ኦዲሲ የሚባለው ሥርዓት ከፍ ያለው ደረጃ ነው ያለው። ወደፊት ሌላ ትልቅ አምፕ መጨመር ብትፈልጉ ለሁሉም ቻናል መውጫ ሠርተውለታል። አዲሱ ደግሞ የምስል ማሳለፊያው ዘመናዊ ነው። በአንድ ዋጋ ካገኘኋቸው ለፊልም አሮጌውን አነሣለሁ። ለጌም አዲሱን።

ለምን ብትሉ፣ በ2020 «8ኬ ይችላል» ተብለው መጀመሪያ የወጡት ሪሲቨሮች ውስጥ የገባው የኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያሳልፈው መሰኪያ) ቺፕ ችግር ነበረበት። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የሚባለው የጌም ማጫወቻ በ4ኬ በሴኮንድ 120 ምስል ሲልክ ስክሪኑ ይጠቁራል። የዴኖን፣ የማራንትዝና የያማሃ የዚያ ዓመት ሞዴሎች ናቸው የተነኩት። ዴኖንና ማራንትዝ መሀል ላይ የሚሰካ ማስተካከያ ሣጥን ለባለቤቶቹ ሰጡ። ያማሃ የውስጡን ቦርድ ለመቀየር ፕሮግራም አወጣ። የዚያ ዘመን ዕቃ በቅናሽ ስታዩ ያገለገለም ሆነ አዲስ «ይሄ ነገር ተስተካክሎለታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤታችሁ ጌም የሚጫወት ከሌለ ግን ችግሩ እናንተን አይመለከትም። ሌላው ሰው ፈርቶት ሲሸሽ እናንተ በርካሽ ታነሡታላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት «ኦፕን ቦክስ» ነው። አንድ ሰው ገዝቶ፣ ከፍቶ፣ መልሶታል። ሚስቱ «ይሄ ግዙፍ ነገር ሳሎኔ ውስጥ አይቀመጥም» ብላው ሊሆን ይችላል። ተበላሽቶበትም ሊሆን ይችላል። እነ ቤስት ባይ ኦፕን ቦክሶችን በደረጃ ከፋፍለው ነው የሚሸጡት። ዝቅ ያለው ደረጃ ላይ ዕቃ ጎድሎ ሊመጣ ስለሚችል ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ሦስተኛው «ሪፈርቢሽድ» የሚባለው፣ ተመልሶ ታድሶ የሚሸጠው ነው። እዚህ ላይ ማን እንዳደሰው ወሳኝ ነው። ፋብሪካው ራሱ ፈትሾ ያደሰውና በተፈቀደለት ሻጭ የሚወጣው አስተማማኝ ነው። ፍሎሪዳ ያለው አክሰሰሪስ ፎር ሌስ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ሻርለትስቪል ያለው ክረችፊልድም ከ1974 ጀምሮ የድምፅ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ሲሆን የተመለሱ ዕቃዎችን በቅናሽ ያወጣል። «በሻጩ የታደሰ» የሚል ካያችሁ ግን ሰውየው አቧራውን ጠርጎ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዋስትናው ርዝመት ይነግራችኋል። ዓመት ዋስትና የሚሰጥ ሰው በዕቃው ይተማመናል። 30 ቀን የሚሰጠውን እኔ አልገዛውም።

አራተኛው ከግለሰብ የሚገዛ ያገለገለ ነው። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ፣ ክሬግስሊስት። ከሁሉ ይረክሳል፣ ከሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አምስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ዕቃው አዲስ ነው፣ ካርቶኑ ሙሉ ነው፣ ዋጋው ግን ከሌላው በጣም ወርዷል። ሻጩ አምራቹ ያልፈቀደለት ከሆነ አምራቹ ዋስትናውን ላይቀበል ይችላል። አማዞን ላይ ስትገዙ ከዋጋው ሥር «የሚሸጠው ማን ነው» የሚለውን አንብቡ። አማዞን ራሱ ነው ወይስ ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት ሱቅ? ከዚያ ወደ አምራቹ ድረ ገጽ ሂዱ። የተፈቀደላቸው ሻጮች ዝርዝር አለ። ሻጩ እዚያ ከሌለ በቅናሹ ያተረፋችሁት ገንዘብ የዋስትናችሁ ዋጋ ነው።

ሦስተኛ፦ ጀርባውን አንብቡ

የፊቱ መልክ አያታልላችሁ። ቁም ነገሩ ጀርባው ላይ ነው። የጀርባውን ፎቶ ላኩልኝ በሉ፤ ሞዴሉን ወስዳችሁም መመሪያውን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ።

መጀመሪያ የምታዩት ኤችዲሲፒ 2.2 መኖሩን ነው። ይህ የኮፒ መከላከያ ቁልፍ ነው። የ4ኬ ማጫወቻ ምስሉን ከመልቀቁ በፊት መንገዱ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ «ቁልፉን ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሪሲቨሩ ካላወቀ ወይ ጥቁር ስክሪን ነው ወይ ጥራቱ ወርዶ ይመጣል። የእኔ የ120 ዶላር ዕቃ ጉድለት ይህ ነበር። ከ2015 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ሪሲቨሮች ይህ ነገር የላቸውም።

ሁለተኛው ኢአርክ ነው። ይህ ካለ በአንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ቲቪው ላይ የተሰካው ሁሉ ድምፁ ወደ ሪሲቨሩ ይመለሳል። ቲቪውም ኢአርክ ያለው መሆን አለበት። ተራው አርክ የኔትፍሊክስን አትሞስ ያሳልፋል። የብሉ ሬይ ዲስክን ጥራቱ ያልጎደለ ድምፅ ለማሳለፍ ግን ኢአርክ ያስፈልጋል።

ገንዘብ የሚያድነው ዘዴ እዚህ ጋ ነው። ልጃችሁ ፕሌይስቴሽን 5 አለው፤ ሪሲቨሩ 120 ምስሉን አያሳልፍም እንበል። ለዚህ ብላችሁ ውድ ሪሲቨር አትግዙ። ፕሌይስቴሽኑን ቀጥታ ቲቪው ላይ ሰኩት። ድምፁ በኢአርክ ወደ ሪሲቨሩ ይመጣል። ልጁም ይጫወታል፣ እናንተም ገንዘባችሁ ይቀራል።

ኢአርክም አርክም የሌለው አሮጌ ሪሲቨር በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳ በኦፕቲካል ገመድ ከቲቪው ድምፅ መውሰድ ይቻላል። ዶልቢ 5.1 ያሳልፋል፤ አትሞስ አያሳልፍም። ለዜናና ለድራማ ምንም አይልም።

ስለ ዋት ብዙ አልልም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ አንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ፣ በአንድ የድምፅ ዓይነት፣ ድምፁ እየተዛባ የተለካ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ፣ በ8 ኦም፣ ሁለት ቻናል እየሠራ የተለካውን ነው። ሁለት ሪሲቨር ስታወዳድሩ በዚህ አንድ መለኪያ አወዳድሩ። በ80ና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዴሲቤል ገደማ ነው። ጆሮ በጭንቅ ነው የሚለየው። ለ20 ዋት ብላችሁ 200 ዶላር አትጨምሩ።

አራተኛ፦ ያገለገለ ከሆነ ሳትፈትሹ አትክፈሉ

ሻጩን ቤቱ ወይም ሶኬት ያለበት ቦታ አግኙት። ፓርኪንግ ላይ ከመኪና የሚወጣ ሪሲቨር ሊፈተሽ አይችልም። እኔ ስሄድ በቦርሳዬ የምይዘው ትንሽ ስፒከር፣ አጭር የስፒከር ገመድ፣ ሁለት የኤችዲኤምአይ ገመድና ሮኩ የምትባለው ትንሽ የኢንተርኔት ቪዲዮ ማጫወቻ ነው። ቲቪ ካለው ቲቪውን እንድጠቀም አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ።

አብሩት። ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ጤነኛ ነው። አብርቶ ወዲያው ራሱን ካጠፋ ወይም ስክሪኑ ላይ «ፕሮቴክት» የሚል ካወጣ አመስግናችሁ ውጡ።

ከዚያ ኤችዲኤምአዮቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። አንዱ ሠራ ብላችሁ ሌሎቹን አትለፉ። በዚህ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው የኤችዲኤምአይ ቦርዱ ነው፤ ለማሠራት የሚጠየቀው ደግሞ ካገለገለው ሪሲቨር ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቴስት ቶኑን (የመሞከሪያ ድምፁን) አስጩኹት። ትንሿን ስፒከር ከቻናል ቻናል እያዘዋወራችሁ እያንዳንዱ መጮኹን አረጋግጡ። ገመዱን ስትቀይሩ ሪሲቨሩን አጥፉት። ሁለቱ ጫፎች በበራበት ከተነካኩ ሊቃጠል ይችላል።

የድምፅ መጨመሪያውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ይንቋረራል? ይዘላል? ምንም ሳይጫወት ጆሯችሁን ስፒከሩ ላይ አድርጉ። ከፍ ያለ እምም የሚል ድምፅ ጥሩ ምልክት አይደለም። ግማሽ ሰዓት እየሠራ ይቆይ፤ ሻጩ ጋር ቡና ብትጠጡ አይከፋም። ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ችግር አለ። መሞቁ ያለ ነው፤ የተቃጠለ ነገር መሽተቱ ግን አይደለም።

ሪሞቱንና ማይክሮፎኑን ጠይቁ። ማይክሮፎኑ ትንሽ ስለሆነች ሰው ይጥላታል። ግን ያለ እሷ ኦዲሲውም፣ የያማሃው ዋይፓኦም ክፍላችሁን ለክቶ ድምፁን ሊያስተካክልላችሁ አይችልም። ከሌላ ኩባንያ የመጣች ማይክ አትተካትም። የዚያኑ ሞዴል ነው የምትፈልጉት። ከሌለች ዋጋ አስቀንሱ።

የሴሪያል ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተልጦ ከሆነ አትንኩት። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ዋስትናም የለውም።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ከሱቅ የገዛችሁ እንደሆነ የመመለሻ ቀኑ እየሮጠ ነው። ዛሬ ነገ እያላችሁ ካርቶኑን አልጋ ሥር አታሳድሩ። ሁሉንም መሰኪያ፣ ሁሉንም ቻናል፣ ብሉቱዙን፣ ዋይፋዩን በመጀመሪያው ሳምንት ሞክሩ። የታደሰ ዕቃ ከሆነ አስቀድማችሁ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ መልሱት፣ ሶፍትዌሩን አድሱ። ካርቶኑንና ፎሙን ቢያንስ የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ አትጣሉ።

ከላዩ ክፍት ቦታ ተዉለት። ዳንቴል ጣል አድርጋችሁበት ላዩ ላይ ዲሹን አትከምሩበት። እናቴ ቤት ያየሁት ነው። እያፈነው ነበር።

ማይክሮፎኗን የምትቀመጡበት ቦታ ላይ በጆሯችሁ ቁመት አስቀምጡና መለካቱን አስጀምሩ። ልጆቹ ጸጥ ይበሉ፣ ፍሪጁ ቅርብ ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ ይጥፋ። ሲጨርስ ስፒከሮቹን «ላርጅ» ብሎ ከመዘገባቸውና ሱብዉፈር ካላችሁ ወደ «ስሞል» ቀይሩ፤ መለያውን («ክሮስኦቨር» የሚለውን) 80 ኸርዝ አድርጉ። ባሱ ወደ ሱብዉፈሩ ይሄዳል፤ ትንንሾቹ ይተነፍሳሉ። የድሮ ዘፈን ስታዳምጡ ደግሞ ሪሞቱ ላይ «ስቴሪዮ» ወይም «ዳይሬክት» የሚለውን ተጫኑ። በሁለት ቻናል የተቀዳውን ክራር በሰባት ስፒከር መበተን ለዛውን ያጠፋዋል።

አገር ቤት ለመላክ ካሰባችሁ

ይህን ለብቻው የጻፍኩት አንድ ሪሲቨር ስለተቃጠለብን ነው። እዚህ በቅናሽ ገዝቼ ለወንድሜ አዲስ አበባ ላክሁለት። የሶኬት መቀየሪያዋን ብቻ አድርጎ ሰካው። ጭስ ወጣ፤ አበቃ።

የአሜሪካ ሪሲቨር 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የሶኬት መቀየሪያው ቅርፁን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ጀርባው ላይ ከኃይል ገመዱ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግድ ነው። እዚያው አጠገብ የተጻፈውን ዋት እዩና ትራንስፎርመሩ እጥፍ ያህል የሚችል ይሁን። ሪሲቨሩ 500 ዋት ካለ ባለ 1000 ግዙ። እስቴፕ ዳውን ይባላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መጀመሪያውኑ የ220 ዕቃ መግዛት ነው። ዱባይ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ዘመድ ካላችሁ ቅናሹን እነሱ ይፈልጉ። እዚያ የሚሸጠው ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ የሶኬቱን ጫፍ ማስተካከል ብቻ ይበቃል። ከአሜሪካ ትራንስፎርመር ጨምሮ ከመላክ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ለኪሎም ይቀላል። መካከለኛ ሪሲቨር ብቻውን 9 ኪሎ ገደማ ነው፤ ትላልቆቹ 12ን ያልፋሉ፤ የሻንጣው ልክ ደግሞ 23 ነው። በእጅ ሻንጣ ለመያዝ አትሞክሩ። በልብስ ጠቅልላችሁ ሳይሆን በራሱ ፎም ውስጥ አድርጋችሁ ላኩት። ደረሰኙን አብራችሁ አኑሩ፤ ጉምሩክ ላይ ዋጋውን የምታሳዩበት እሱ ነው።

አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም በስታብላይዘር በኩል ይሰካ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱ ይነቀል። ተመልሶ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩት። ለወንድሜ ሁለተኛውን ከዱባይ ነው ያስመጣሁለት፤ ይህንኑ በወረቀት ጽፌ ከመሰኪያው አጠገብ አስለጠፍኩት። አሁንም እየሠራ ነው።